የጄፓርዲ የሻምፒዮኖች ውድድር፦ ቡድኑ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ጓዶች። በ2019 እ.ኤ.አ. የተላለፈውን የጄፓርዲ (የአሜሪካ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ጨዋታ) ኦል ስታር ውድድር ገና አሁን እያየሁት ነው። 18 የቀድሞ ሻምፒዮኖች፣ 6 ቡድን፣ በየቡድኑ 3 ሰው። ግን አንዱ ቆሞ ሲጫወት ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያጨበጭባሉ። ታዲያ ቡድንነቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦
ጨዋታው ሦስት ዙር አለው አይደል? አንድ ሰው አንድ ዙር ይወስዳል። ያጠራቀመው ነጥብ ለቀጣዩ ጓደኛው ያልፋል፣ ስለዚህ አንዱ ቢያበላሽ ሌላው ነው የሚከፍለው። ለእኔ ዋናው ጭንቅ ማን የትኛው ዙር ላይ ይቁም የሚለው ነው።

መልስ 2፦
እውቀት ብቻ እንዳይመስልህ ወንድሜ። እዚያ የቆመው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ፍልሚያው ለመመለስ ቀድመው የሚጫኑት የእጅ ቁልፍ ላይ ነው፦ አቅራቢው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ከተጫንክ ቁልፉ ለሩብ ሰከንድ አይሠራልህም፣ ያቺ ሩብ ሰከንድ ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች ዕድሜ ናት። አውራ ጣታቸውን እያቸው፣ ሳያቋርጡ ነው የሚነካኩት።

መልስ 3፦
ኬን ጄኒንግስ በ2004 በተከታታይ 74 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ስለሆነ እኔ ያለ ጥርጥር የእሱን ቡድን ነበር የያዝኩት። ግን የብራድ ራተር ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላሩን ይዞ ሄደ፣ እነ ኬን በ300 ሺህ ሁለተኛ።

ጠያቂ፦
ኧረ በናትህ! ገና እያየሁ ነው አላልኩም?

መልስ 3፦
ውይ፣ ይቅርታ 🙈 ስንት ዓመት ሆኖት ማን ያላየ አለ ብዬ ነው።