ቻይናዊ አለቃችን አባቱ ሞቱበት፤ ለቅሶ እንዴት ልድረስ?

የጣናው ልጅ፦ ባሕር ዳር አንድ ግንባታ ላይ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ቻይናዊው አለቃችን አባቱ አገር ቤት ሞቱበት፤ ቀብር አልደረሰም። ትናንት ማታ ጣና ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ ሳየው አንጀቴን በላኝ። 4,000 ብር አዋጥተናል፣ ቀይ ፖስታም ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ንፍሮ ልቀቅል ትላለች። ነውር ይሆን እንዴ?

ቻይና የተማረው፦ ኧረ ቀዩን ተወው! ቀይ የሠርግና የአዲስ ዓመት ነው። ለሐዘን ነጭ ፖስታ ነው የሚሰጠው። 4ም ይቅር፤ በቻይንኛ አጠራሩ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ይቀራረባል። ብዙዎቹ ለሐዘን ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጡት። ጨምሩና 5,001 አድርጉት።

ወለተ ማርያም፦ እኛ 40 እናወጣለን፣ እነሱ በየ7 ቀኑ እያሰቡ እስከ 49 ይሄዳሉ አሉ። ለሟች ይደርሰዋል ብለውም የወረቀት ገንዘብ ያቃጥላሉ። ጥቁር ፍለጋ አትድከም ወንድሜ፣ ነጭ ጋቢህን ልበስ፤ በእነሱ ባህል የሐዘን ቀለም ነጭ ነው።

የጣናው ልጅ፦ ሄጄ መጣሁ። ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ንፍሮውን ሽምብራ ሽምብራውን እየለቀመ በላ፣ ስንዴውን ለኔ ተወው። «እግዜር ያጥናህ» ብለው ትርጉሙን ጠየቀኝና ስልኩ ላይ ጻፈው።