ሰዎቹ ሄደው ስሙ ሲቀር፦ ያ አልበም የፒንክ ፍሎይድ ነው ወይ?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር የጀመርነው ክርክር ሳያልቅ ዝናቡ በተነን። እዚህ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የተነሣው የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ የ1987 አልበም ነው፤ «አ ሞመንተሪ ላፕስ ኦቭ ሪዝን»። ባንዱ ያኔ ከተመሠረተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከግጥሞቹ አብዛኞቹን ሲጽፍ የኖረው ቤዝ ጊታሪስቱ ሮጀር ዋተርስ በ1985 መጨረሻ ለቀቀ። ባንዱ አብቅቶለታል ብሎም በስሙ እንዳይሠሩ በ1986 ፍርድ ቤት ሄደ። ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት ደግሞ ከዚያ በፊት «ዘ ዎል» የሚባለው አልበማቸው ሲቀረጽ ተገፍቶ ወጥቷል። የቀሩት ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞርና ድራመሩ ኒክ ሜሰን ናቸው። ሁለቱ በድሮው ስም አልበም አወጡ። በእንግሊዝም በአሜሪካም 3ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ።

ጥያቄው ይህ ነው። ዋናዎቹ ሰዎች ከሄዱ በኋላ የቀሩት በዚያው ስም መቀጠል ይገባቸዋል ወይ?

እኔ ይገባቸዋል እላለሁ። ግን አንድ ዕዳ አለባቸው። ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ለሰሚው በግልጽ ማሳየት።

ይህን የምለው ለፈረንጅ ባንድ ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። የፋሲካ ሰሞን እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አዳራሽ ገባሁ። ፖስተሩ ላይ አምስት የማውቃቸው ፊቶች አሉ። መድረክ ላይ የወጣው ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። አራቱ አዲስ ልጆች ናቸው። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፣ እውነቴን ነው። ያናደደኝ የእነሱ አጨዋወት ሳይሆን ፖስተሩ ነው። ከጎኔ የነበረች ሴት ከደብረ ታቦር ድረስ የመጣችው ለአንዱ ድምፃዊ ብላ ነበር። እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ስታይ አመሸች።

ጋሽ ካሴት፦
ልጄ፣ እኔ አልስማማም። በደርግ መጨረሻ ዓመታት እዚህ ከተማ ካሴት እየቀዳሁ እሸጥ ነበር። ይህ አልበም እጄ የገባው ከአዲስ አበባ በመጣ ቅጂ ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ፒንክ ፍሎይድ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለውም። ማን መታ፣ ማን ጻፈ የሚል ወረቀት የለም። ስሙን አምኜ ገዛሁ። ሰዎችም ስሙን አምነው ከእኔ ገዙ።

ማታ ቤቴ ስሰማው ጊታሩ ያው ነው። ግጥሙ ግን የማውቀው ሰው አልነበረም። የዋተርስ ግጥም የሚያመው ነገር አለው። አባቱ በ1944 ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ላይ በጦርነት ሲሞት እሱ የአምስት ወር ሕፃን ነበር። ያን ቁስል ሌላ ሰው ተውሶ ሊጽፈው አይችልም። አዝማሪው ከሄደ ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ብቻውን አይዘፍንም።

ሌድ ዘፔሊኖችን ተመልከቱ። ድራመራቸው ጆን ቦናም በ1980 ሲሞት «በቃን» አሉ። ሰው ተክተው ገንዘብ መሰብሰብ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ለእኔ ክብር ማለት ይህ ነው።

ባለ ቤዙ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ከመድረኩ በታች ሲቀመጡ የሚታይ ነገር ነው። እኔ እዚህ ከተማ ሆቴል ውስጥ ቤዝ ስጫወት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ድምፃዊ ትንሽ ስሙ ሲነሣ አዲስ አበባ ይሄዳል። ኪቦርዲስት ቪዛ ይወጣለታል። ድራመር «ሰርግ ይሻለኛል» ብሎ ይቀራል። አልፈርድባቸውም፣ ሁሉም እንጀራውን ነው የሚፈልገው። ግን የስፒከሩን ዕዳ እየከፈልን፣ አዲሱን ልጅ ዘፈን በዘፈን እያስጠናን ስሙን ያቆየነው እኛ ነን። ሠርግ የሚያዘን ሰው የሚያውቀው ያን ስም ነው። የሄደው ስሙንም ይዞት ይሂድ ከተባለ እኛ በየዓመቱ ከዜሮ ልንጀምር ነው?

ዋተርስ በገዛ ፈቃዱ ነው የወጣው። ወጥቶ ሲያበቃ ቤቱን ከውጭ ሊቆልፈው ፈለገ። ራሱም በ2013 ለቢቢሲ ሲናገር ያ ክስ ስህተት እንደነበር አምኗል።

ኤሲዲሲን ደግሞ እዩ። ድምፃዊያቸው ቦን ስኮት በ1980 የካቲት ሞተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በብራያን ጆንሰን ድምፅ «ባክ ኢን ብላክ» ወጣ። በዓለም ከተሸጡት የሮክ አልበሞች ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነው። በዘፔሊኖች መንገድ ቢሄዱ ያ አልበም አይኖርም ነበር።

የእኛውን አገርም አስቡ። ይሁኔ በላይ ከጊሽ ዓባይ ኪነት ወጥቶ በራሱ ስም ትልቅ ሆነ። ግን ጊሽ ዓባይ የማንም ድምፃዊ ስም አይደለም። የዓባይ መነሻ ምንጭ ስም ነው። ቡድን ሲመሠረት ስሙን እንደዚያ ከሰው በላይ የሚያደርጉት ለዚህ ይመስለኛል።

ሕግ ተማሪው፦
በአገራችን ሕግ ከሆነ የምትጠይቁት፣ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። የባለቤትነት መብት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ስለዚህ ባንድ ያላችሁ ሰዎች ሳትጣሉ በፊት ሄዳችሁ አስመዝግቡ፤ ሰው ሲለቅ ምን እንደሚሆንም በጽሑፍ ተስማሙ። እነ ጊልሞርና ዋተርስ እንኳ ነገሩን የጨረሱት በስምምነት ነው። በ1987 ታኅሣሥ፣ አልበሙ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ።

የዘንባባ ጥላ፦
ሕጉ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ጋሼ የሚናገሩት ስለ ሕግ አይደለም። ስለ አመኔታ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ምሳሌ ላንሣ። ዌለርስ ማለት መጀመሪያ ቦብ ማርሌይ፣ ፒተር ቶሽና በኒ ዌለር ነበሩ። በ1974 ሁለቱ ሄደዋል። በዚያው ዓመት «ናቲ ድሬድ» ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «ቦብ ማርሌይ እና ዌለርስ» ነው። በሁለቱ ወንዶች ድምፅ ቦታ የእነ ሪታ ማርሌይ የሦስት ሴቶች ድምፅ ገባ። ሰሚው አልተታለለም። ስሙ ራሱ ለውጡን ነገረው። ቦብን የዓለም ያደረገውም ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

ስለዚህ ባለ ቤዙ ወንድሜ፣ መቀጠል አንድ ነገር ነው። ምንም እንዳልተለወጠ መምሰል ሌላ ነገር ነው። ቬልቬት አንደርግራውንድ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ምን ልትለው ነው? ዋናው ድምፃዊ ሉ ሪድ በ1970 ለቀቀ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። በ1973 «ስኩዊዝ» የሚለው አልበም ሲወጣ ከባንዱ የቀረው ዳግ ዩል ብቻውን ነበር። እሱም ከመሥራቾቹ አይደለም፣ በ1968 ነው የገባው።

ባለ ቤዙ፦
እሱን አልከራከርሽም እህቴ። አንድ ሰው ባንድ አይባልም።

የዘጌ ልጅ፦
ቅዳሜ ማታ አንዱ «ባንድ እንደ ታንኳ ነው፤ ደንገሉ ሲበሰብስ በሌላ ደንገል ይተካል፣ ታንኳው ያው ታንኳ ነው» ብሎ ነበር። ያኔ ዝም አልኩ። አጎቴ ታንኳ ይሠራል፣ እኔም አብሬው አስሬያለሁ። ታንኳ እንደዚያ አይጠገንም።

ደንገሉ ውኃ ይጠጣል። ይከብዳል። ስለዚህ ከሐይቁ እያወጣን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። እንደዚያም ሆኖ የሚያገለግለው ጥቂት ወር ነው። ከዚያ ይጣላል፣ አዲስ ይታሰራል። «ያ የድሮው ታንኳ ነው» የሚል ሰው የለም። «የእገሌ ታንኳ ነው» ነው የሚባለው። አስተሳሰሩን ያየ ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያልፈው ያ እጅ ነው።

እኔ ብጠየቅ የማነሣው ጥያቄ ስንት ሰው ቀረ የሚል አይደለም። እጁ ማን ጋ ቀረ ነው የምለው። ጋሼ ራስዎ «ጊታሩ ያው ነው» ብለዋል። በጨለማ ቢያሰሙዎት በሁለተኛው ኖታ ጊልሞር መሆኑን ያውቁታል።

የጣና ዳር ልጅ፦
«እጁ ማን ጋ ቀረ» ያልከው ወደ ዋናው ነገር ወሰደኝ። ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ታገሡኝ።

አልበሙ በከፊል የተቀረጸው ጀልባ ላይ ነው። ጊልሞር ቴምዝ ወንዝ ላይ አስቶሪያ የምትባል የመኖሪያ ጀልባ ገዝቶ ስቱዲዮ አድርጓት ነበር። ከዋተርስ ጋር በመጨረሻ ተቀምጠው የተስማሙትም እዚያችው ጀልባ ላይ ነው። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይህ ደስ ይላል።

ቀረጻው ግን እንደ ጀልባዋ ደስ የሚል አልነበረም። ኒክ ሜሰን ለረጅም ጊዜ ስላልተጫወተ እጁ ሰንፎ ነበር። ስለዚህ ብዙውን ድራም የመቱት ጂም ኬልትነርና ካርማይን አፒስ የሚባሉ ተቀጣሪ ድራመሮች ናቸው። የቀረውን ማሽን ሠራው። ቤዙን ቶኒ ሌቪን ተጫወተ። ራይት ወደ ማብቂያው ተመልሶ መጣ፣ ግን በደመወዝ። አስቡት እስቲ። ራሱ ካቋቋመው ባንድ ደመወዝ እየተቀበለ መጫወት። እኔ ይህን ባወቅሁ ጊዜ ከዋተርስ መልቀቅ የበለጠ ያዘንኩት በዚህ ነው።

እንግዲህ በስም ሁለት፣ በሥራ ከአንድ ብዙም ያልበለጠ ባንድ ነው። ታዲያ ለምን ስሙ ይገባቸዋል አልኩ? ስላልደበቁ ነው። የአልበሙ ውስጥ ፎቶ ላይ ያሉት ጊልሞርና ሜሰን ብቻ ናቸው። የዋተርስ ፊት የለም። የተቀጠሩት ሁሉ ስማቸው ተዘርዝሯል፤ ራይትም ከእነሱ ጋር በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ሽፋኑን ገልጦ ያየ ሰው ማን እንዳለ ያውቃል። እኔ ፋሲካ ላይ ያየሁት ፖስተር የሌሉ ሰዎች ፊት ነበረበት። ልዩነቱ ይህ ነው። ጋሼ፣ እርስዎን የበደለዎት አልበሙ ሳይሆን ያ ወረቀቱን ያጣ ቅጂ ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። በ2019 አልበሙን እንደገና ሠሩት። ሜሰን ድራሙን በራሱ እጅ እንደ አዲስ መታው። ራይት በ2008 ስለሞተ፣ በሕይወት ሳለ ከአልበሙ በኋላ መድረክ ላይ የተጫወታቸውን ኪቦርዶች ከቀረጻ አውጥተው አስገቡለት። ሰላሳ ሁለት ዓመት ቆይተው ማለት ነው። ማንም አላስገደዳቸውም። የመጀመሪያው በስሙ ልክ እንዳልሆነ ራሳቸው ያውቁ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ሁለቱን ቅጂ አከታትላችሁ ስሙ። አዲሱ ላይ ባንዱ ይተነፍሳል።

ባለ ቤዙ፦
እኔ ደግሞ በመድረክ በኩል አንድ ልጨምር። በዚሁ አልበም ዙር በ1989 ሐምሌ ቬኒስ ላይ ተጫውተዋል። መድረኩ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው ነው የመጣው። ያ ሁሉ ሕዝብ ዋተርስ እንደሌለ ጠፍቶት አይደለም።

ጋሽ ካሴት፦
ልጆቼ፣ የሁላችሁንም አነበብኩ። የ2019ኙን አላውቅም ነበር። ሜሰን ተመልሶ መምታቱ ደስ አሰኝቶኛል። ሰው ዕዳውን ሲከፍል ማየት መልካም ነው።

አሳቤን ግን አልቀየርኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ1985 ላይቭ ኤይድ የተዘጋጀው ለእኛው ረኃብ ነው። በሃያ ዓመቱ፣ በ2005፣ ላይቭ ኤት የተባለው ኮንሰርት ለንደን ሃይድ ፓርክ ሲደረግ አራቱም አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ጊልሞር፣ ዋተርስ፣ ራይት፣ ሜሰን። ከወንድሜ ልጅ ጋር በዲሽ አየሁት። በመጨረሻ ተቃቅፈው ሲቆሙ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ራይት ሞተ፣ ዳግመኛም አልሆነም። ለእኔ ስሙ የእነዚያ የአራቱ ነው። ጊልሞር «ዴቪድ ጊልሞር» ብሎ ቢያወጣው እኔ ያኔም እገዛው ነበር። ደንበኞቼንም ግዙ እላቸው ነበር።

የዘንባባ ጥላ፦
ጋሼ፣ ይገባኛል። በስሙ አሁንም ከጣና ዳር ልጅ ጋር ነኝ። ግን ይገባኛል።

ባለ ቤዙ፦
አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ዛሬ ጠዋት ሥራ ስገባ የእኛን ፖስተር ቆሜ አየሁት። ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድምፃዊያችን አሁንም መሐል ላይ አለ። በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ፣ አስቤው አላውቅም። እሱን የተካው ልጅ ደግሞ ፎቶው አንድ ቦታ የለም። ስሙን አንለቅም፣ በዚህ እንደ ጸናሁ ነኝ። ፎቶውን ግን ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለማሳተሚያው እያዋጣን ነው።

የጣና ዳር ልጅ፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሲለጠፍ ንገረንና እንመጣለን። ቅዳሜ ሁለቱንም ቅጂ ይዤ እመጣለሁ፣ የ1987ቱንም የ2019ኙንም። ስፒከር ያለው ያምጣ። ከዘነበ በረንዳ ያለው ቦታ እንይዛለን።

ጋሽ ካሴት፦
የኔ ካሴትም ቴፑም አሉ። መጀመሪያ እሱን ነው የምንሰማው። ስድስት ትልቁን ባትሪ ድንጋይ ይዛችሁልኝ ኑ።