የጃፓን ቋንቋና ባህል ቀን ልናዘጋጅ ነው፤ የቱን እናስቀር? ሩዙስ እንዴት ይበስላል?

ቀርከሃ_ክበብ፦

ሰላም ጤና ይስጥልን። ግቢያችን ከቃሊቲ ወዲያ፣ ቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። የጃፓንኛ ተማሪዎች ክበባችን በግንቦት ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የሚቆይ የጃፓን ቋንቋና ባህል ቀን ሊያዘጋጅ ነው። ወደ 300 ሰው እንጠብቃለን። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል፣ መብራትም ይጠፋል። በእጃችን ያሉት ሁለት ዩካታ (ስስ የጃፓን ባህላዊ የጥጥ ልብስ)፣ ጥቂት ብሩሽና ቀለም፣ አንድ የሩዝ ማብሰያና የኪራይ ድምፅ ማጉያ ናቸው። ያሰብነው ስም በካታካና (የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል) መጻፍ፣ የብሩሽ ጽሕፈት፣ ኦሪጋሚ (ወረቀት ማጠፍ)፣ ዩካታ ለብሶ ፎቶ መነሣት፣ ኦኒጊሪ (በእጅ የተጠቀለለ ሩዝ)፣ የንግግር ውድድርና ታናባታ (ምኞት በወረቀት ተጽፎ ቀርከሃ ላይ የሚሰቀልበት በዓል) ነው። የቱ ይቅር? ሩዙስ በዚህ ከፍታ እንዴት ይበስላል? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

አጣና፦

ለአንድ ክበብ ሰባት ዝግጅት በአንድ ቀን ይበዛል። እኔ ታናባታን አወጣለሁ። በዓሉ ጁላይ 7 ማለትም ሰኔ 30 የሚውል ስለሆነ ግንቦት ቦታው አይደለም። በምትኩ የሜይ 5ቱን (ሚያዝያ 27) የልጆች ቀን ተንተርሳችሁ ኮይኖቦሪ ስቀሉ፤ ነፋስ ሲሞላው የሚዋኝ የሚመስል፣ በካርፕ ዓሣ ቅርጽ የተሰፋ ጨርቅ ነው። ጥቂት ቀን ቢያልፈውም ወቅቱ ቅርብ ነው፤ ሌላውን ሥራ የሚያበላሽባችሁ ነፋስም እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል።

አቡጀዲ ግዙ። ለአንድ ዓሣ 1 ሜትር ከ50 የሚረዝሙ ሁለት ቅርጾች ቆርጣችሁ ጎንና ጎናቸውን ስፉ፤ አፉና ጅራቱ ክፍት ይቅሩ። ብዙ ሰው ጅራቱን ይዘጋዋል፤ ያኔ የገባው ነፋስ መውጫ ስለሚያጣ ዓሣው ይጠማዘዛል፣ ስፌቱም ይተረተራል። አፉ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሽቦ ቀለበት አስገብታችሁ ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉበት። ከቀለበቱ በእኩል ርቀት ሦስት ሲባጎ አውጥታችሁ አንድ ላይ ቋጥሩ። ቋጠሮውን ከገመዱ ጋር የሚያገናኘው እንደ ልብ የሚሽከረከር ማያያዣ ይሁን፤ የአንዳንድ ቁልፍ መያዣዎች ጫፍ ላይ ያለው ይበቃል። እሱ ከሌለ ሲባጎው ተጠማዝዞ አፉን ይዘጋዋል። ቀለሙን አቅጥናችሁ ቀቡ፤ የወፈረ ቀለም ጨርቁን ድርቅ ስለሚያደርገው በቀላል ነፋስ አይነሣም። ከላይ ትልቁ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ ከታች ትንሹ ሰማያዊ።

መስቀያው 6 ሜትር የባሕር ዛፍ አጣና ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ትከሉት፣ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቅጥቁ፣ በሦስት አቅጣጫም በገመድ ወጥሩት። ከኤሌክትሪክ መስመር ርቃችሁ ትከሉ፤ ቢወድቅ እንኳ መስመሩን መንካት የለበትም። ወረቀት የሚይዝ ሥራ ሁሉ ግን ክፍል ውስጥ ይሁን።

ለኦሪጋሚው ልዩ ወረቀት አያስፈልግም። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ክፈሉ፤ ከእያንዳንዱ ግማሽ 14.8 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይወጣል፣ መደበኛው 15 ነውና ልዩነቱ አይታይም። ለጀማሪ ወፏን (ጹሩን) አታስተምሩ፤ እጥፋቷ ስለሚበዛ ሰው መሃል ላይ ይተዋታል። ከአንድ ገጽ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ካቡቶ፣ ማለትም የጦረኛ ቆብ አሳጥፉ። ቶሎ ያልቃል፣ ጭንቅላት ላይም ይደረጋል።

ፊደል_ቆጣሪ፦

ትልቁን ሰልፍ የምታዩት ስም መጻፊያው ላይ ነው፤ ሦስት ሰው መድቡ። አንዱ ስሙን ሰምቶ በጃፓንኛ ድምፅ ይከፋፍል፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ የደረቀውን ያስረክብ። አከፋፈሉን አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁበት አንዱ ስም በሁለት ሰው እጅ ሁለት ዓይነት ይወጣል።

ካታካና እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል፤ ግን አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የሚያስቸግሩት ግዕዙና ሳድሱ ናቸው። ግዕዙን ወደ ኃምስ ውሰዱት፤ ጃፓኖች አበበ ቢቂላን «አ-ቤ-ቤ ቢ-ኪ-ራ» ብለው የሚጽፉት በዚሁ መንገድ ነው። ሳድሱን ወደ ካዕብ፦ ሄኖክ «ሄ-ኖ-ኩ»፣ ማርታ «ማ-ሩ-ታ»። ት እና ድ ግን ወደ ሳብዕ ይሄዳሉ፤ የተ ካዕብ ካታካና ውስጥ ወደ «ፁ» የቀረበ ድምፅ ስለሚሰጥ ዳዊት «ዳ-ዊ-ቶ» ይሆናል። ች እና ጅ ወደ ሣልስ። ን ብቻዋን የምትቆምበት የራሷ ምልክት አላት። ለ ወደ ረ ይቀየራል፦ ሰላም «ሴ-ራ-ሙ»፣ ሄለን «ሄ-ሬ-ን»። ቀ በከ፣ ጠ በተ፣ ጨ በቸ ይተካሉ። ከመጻፋችሁ በፊት ድምፁን ለባለቤቱ አሰሙት፤ ከጽሑፉ በታችም አነባበቡን በአማርኛ አስፍሩ፣ አለዚያ ቤቱ ወስዶ ገልብጦ ይሰቅለዋል። ካንጂ (ከቻይና የመጣውን የጽሕፈት ምልክት) ፈልጉልኝ የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ እሺ አትበሉ። ካንጂ ትርጉም አለውና በድምፁ ብቻ የተመረጠ ምልክት የማይፈለግ ነገር ሊናገር ይችላል።

የብሩሽ ጽሕፈቱን በኤ4 የፎቶ ኮፒ ወረቀት አትሞክሩት፤ ቀለሙን ቶሎ ስለማይመጥ ላዩ ላይ ተኝቶ ይፈሳል። መለማመጃው አሮጌ ጋዜጣ ይሁን፤ ጃፓን ውስጥም ይለማመዱበታል። ሃንሺ የሚባለውን ስስ ወረቀት (24 በ33 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ለመጨረሻው ጽሑፍ ቆጥቡት፣ ለስላሳው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። ከሥሩ የብርድ ልብስ ቁራጭ አንጥፉ፣ ከላይኛው ጠርዝ ላይ ክብደት ያለው ነገር አኑሩ። አዲስ ብሩሽ በሙጫ የደረቀ ስለሆነ ለብ ባለ ውኃ አለስልሱት። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ ክርን ከጠረጴዛው ይነሣ። «ተራራ» እና «ወንዝ» የሚሉት ካንጂዎች ሦስት ሦስት ጭረት ስለሆኑ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃሉ፤ ጭረቱ ሲያልቅ ብሩሹ ቆም ማለቱን ወይም ተስቦ መውጣቱን አሳዩ፣ የጽሑፉ ውበት ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀለሙ ጥላሸትና ሙጫ ነው፤ ከጨርቅ አይለቅም። ነጠላ የለበሰች እንግዳ ስትመጣ መጀመሪያ ሽርጥ አስታጥቋት።

ትልቅ_ድስት፦

ስለ ሩዙ። ግቢያችሁ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማብሰያው ደግሞ የሚያጠፋው ውኃው አልቆ የታችኛው ሙቀት ሲጨምር ነው እንጂ ሩዙ መብሰሉን አይቶ አይደለም። ስለዚህ ውኃው ያልቃል፣ የፍሬው ልብ ግን ጥሬ ይቀራል። መፍትሔው ቀድሞ መዘፍዘፍና ውኃ መጨመር ነው።

ባስማቲ ለኦኒጊሪ አይሆንም፤ ፍሬው ተለያይቶ ይቀራል። አጭርና ወፍራም ፍሬ ያለው ፈልጉ፤ የፎገራ ሩዝም ካገኛችሁ አስቀድማችሁ በአንድ ስኒ ሞክሩት። ጠጠሩን ልቀሙ፣ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡ፣ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉ። ከዚያ ለአንድ ስኒ ሩዝ 1.3 ስኒ ውኃ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሳችሁ 18 ደቂቃ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ክዳኑን ሳትከፍቱ ሌላ 15 ደቂቃ። ይህኛው 15 ደቂቃ አይዘለል፤ የላይኛው ሩዝ የሚበስለው በእንፋሎቱ ነው።

1 ኪሎ ደረቅ ሩዝ 2.2 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በ100 ግራም ሲጠቀለል 22 ኦኒጊሪ። ለ300 ሰው 14 ኪሎ ያዙ። አንድ ማብሰያ አያደርሳችሁም፣ መብራቱም አያስተማምንም፤ ታቹ ወፍራም የሆነ ድስትና ቡታጋዝ አዘጋጁ። በአንድ ድስት ከ3 ኪሎ አታሳልፉ፣ ታቹ ያርርና ላዩ ጥሬ ይሆናል።

የሚጠቀለለው ትኩስ እያለ ነው። እጅ በውኃ ረጠብ፣ ቁንጥር ጨው መዳፍ ላይ፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ እያዞሩ ጫን ማድረግ፤ ከጨመቁት ይደድራል። ኖሪው (ሩዙ ላይ የሚለጠፈው ደረቅ የባሕር አረም ቅጠል) 19 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 3 በ9.5 እየተቆረጠ 14 ቁራጭ ይወጣዋል፣ ስለዚህ 22 ቅጠል ይበቃል። ሲበላ ብቻ ይለጠፍ፣ ቀድሞ ከተለጠፈ ይልፈሰፈሳል። የተቆላ ሰሊጥና ጨው ከሁሉ ይሻላል፤ ቱና ሙቀት ላይ አይቆይም።

ሁሉንም በጠዋት አታብስሉ። ሩዝ ውስጥ መፍላት የማይገድለው ባክቴሪያ አለ፤ ሩዙ ለብ ብሎ ለሰዓታት ሲቀመጥ ይራባና ሆድ ያሳምማል። በ5፣ በ6 ተኩልና በ8 ሰዓት እንዲደርስ በሦስት ዙር አብስሉ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን አታቅርቡ።

ቀርከሃ_ክበብ፦

እግዜር ይስጥልን። ዩካታው ሁለት ብቻ ነው፤ ሰልፉን እንዴት እናድርገው? ጾምና ሃላልስ?

ግራው_ከላይ፦

ቀኑ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ጾም የለም። ለሙስሊም እንግዶቻችሁ ሚሪንና ሳኬ አልኮል መሆናቸውን አስቡ፤ በምግቡ ውስጥ አይግቡ፣ የአኩሪ አተር ሶሱም ጽሑፍ ይነበብ።

ዩካታ ሲለበስ የቀኙ ክፍል መጀመሪያ ገላ ላይ ይተኛል፣ የግራው ከላይ ይደረባል። የተገላቢጦሹ ለሬሳ ነው፤ ጃፓናዊ እንግዳ ካለ ፎቶው ያስደነግጠዋል። በስልክ የፊት ካሜራ አታረጋግጡ፤ ምስሉን ስለሚገለብጥ ትክክሉ ስህተት ይመስላል። ለሴት ትርፉ ርዝመት ወገብ ላይ ታጥፎ በገመድ ይያዛል፣ ለወንድ ርዝመቱ እንዳለ ሆኖ መታጠቂያው ዳሌ ላይ ዝቅ ይላል። አንድ ሰው 10 ደቂቃ ከፈጀ በሁለት ዩካታ በሰዓት 12 ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰልፍ አታሰልፉ፣ ሰዓት የተጻፈበት ቁጥር ስጡ። ለቀረው ሕዝብ ከአቡጀዲ ሃፒ (አጭር መደረቢያ) ስፉ፤ ከልብስ ላይ ስለሚደረብ ደቂቃ አይፈጅም።

የንግግር ውድድሩን ጠዋት አድርጉት፤ ከስምንት ተናጋሪ አትለፉ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። አብዛኛው ታዳሚ ጃፓንኛ ስለማይሰማ ከእያንዳንዱ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር የአማርኛ ጭምቅ ይነበብ።

አንድ ግድግዳ ደግሞ ለሁለቱ አገሮች ታሪክ ስጡ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን መጎብኘታቸውን፣ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ማድረጉን፣ አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማሸነፉን ጻፉ። ትርፍ አንጀቱ ቀዶ ከተደረገለት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

አጣና፦

ፕሮግራሙን 9 ሰዓት ተኩል ላይ በቦን ኦዶሪ ዝጉት። በክብ የሚጨፈር ነው፤ «ታንኮ ቡሺ» የሚባለውን የከሰል ቆፋሪዎች ጭፈራ ምረጡ፦ መቆፈር፣ ትከሻ ላይ መጣል፣ ግንባር ላይ እጅ አድርጎ ማየት፣ ጋሪ መግፋት፣ እጅ ዘርግቶ ማጨብጨብ። ድምፅ ማጉያው ክቡ መሃል ይቁም፤ መብራት ከጠፋ ከበሮ ይበቃል። ወደ ቃሊቲ የሚመለሰውን እንግዳ አስባችሁ ግን 10 ሰዓትን አታሳልፉ፤ ታክሲው ከዚያ በኋላ ሰልፍ ነው።