ስልኩ የታችኛውን ፎቅ አክሰስ ፖይንት አልለቅም አለ
ባለ 3 ፎቅ ሕንፃ ላይ በየፎቁ አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) አለ። ሦስቱም በኬብል ከአንድ ስዊች ጋር ተያይዘዋል፤ የዋይፋይ ስማቸውና የይለፍ ቃላቸው አንድ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናል 1፣ 6 እና 11፣ በ5 ጊጋኸርዝ 36፣ 52 እና 149 ሰጥቻቸዋለሁ።

ችግሩ ስልክ ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። 3ኛ ፎቅ ላይ፣ ከራስ በላይ የተሰቀለው በ-52 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል) እየታየ፣ ስልኩ የታችኛውን በ-79 ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። የ2.4ን ኃይል ከ20 ወደ 11 ዲቢኤም ዝቅ አደረግኩ፤ ያን ያህል ለውጥ የለም። ሲግናሉ ከ-75 በታች የወረደ ስልክ ከአክሰስ ፖይንቱ እንዲባረር ሳደርግ ደግሞ ይባስ ብሎ ተመልሶ እዚያው ይገባል፣ ጥሪውም ይቋረጣል። 802.11አርን (ስልክ ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው ቶሎ እንዲሻገር የሚረዳውን) ያጠፋሁት እሱ ሲበራ አንድ የቆየ ፕሪንተር አልገናኝ ስለሚል ነው።

ስልኩ በጊዜ እንዲለቅ የድሮዎቹን ዝግተኛ የ1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋቢት ፍጥነቶች መዝጋት ይበቃል ወይስ ለፕሪንተሩ የብቻው የዋይፋይ ስም አውጥቼ 802.11አርን ላብራ?