የግራናይት ቀዳዳ ከታች በኩል እየተሸራረፈ አስቸገረኝ

የድንጋይ ሥራ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዳማ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ወርክሾፕ ለማዕድ ቤት የሚሆን ግራናይት እቆርጣለሁ። ያስቸገረኝ የውሃ ቧንቧ የሚገባበት የ35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ከላይ ሲታይ ክብና ንጹሕ ነው፤ ድንጋዩ ሲገለበጥ ግን የታችኛው ጠርዝ አይጥ የቀረጠፈው ይመስላል።

ድንጋዩ ጥቁር፣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። የምበሳው በቋሚ ድሪል ላይ በተገጠመ ክብ የአልማዝ መቁረጫ ሲሆን፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ውሃ ሳላቋርጥ አፈስሳለሁ። በግራይንደር የሚበሱ አሉ። በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ በሚዞር መሣሪያ ላይ ይህን የሚያህል መቁረጫ መግጠም ለእኔ አይዋጥልኝም፤ አልማዙንም ያቃጥላል፣ እጅንም ያሰጋል።

ከሥር ጣውላ አጥብቀህ እሰር ያሉኝ ነበሩ። ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ድንጋዩን ከቦታው ያነሣዋል። ውሃ የማይጠጣ ምን ትጠቀማላችሁ?

ግማሹን ከላይ፣ ግማሹን ከታች መብሳት የሚለው ምክር የበለጠ ያሳምነኛል። ችግሩ፣ መቁረጫዬ መሃሉ ባዶ ስለሆነ መሪ ብረት የለውም። ሁለቱን ወገን ሳይዛነፍ እንዴት ታገናኙታላችሁ? በቅድሚያ መሃሉን በቀጭን መሰርሰሪያ አሳልፎ መብሳት ይበቃል? ደግሞስ ደንበኛ ቤት ተለጥፎ ያለቀ ድንጋይ ላይ፣ መገልበጥ በማይቻልበት፣ የመጨረሻዎቹን ሚሊ ሜትሮች እንዴት ነው የምታልፉት? ግፊቱን መቀነስ ብቻውን አልጠቀመኝም።

የሚቀጥለው ሥራ ከታች ጠርዙ በመስታወት የሚታይ ነውና እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።