«ለመዝጋቢ አራት ቁልፍ ይበቃታል»

የጮቄ ልጅ፦ ደብረ ማርቆስ ሥልጠና ላይ ስለምንመዘግብበት ፕሮግራም፣ ስለ አክሰስ፣ አሠልጣኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የአክሰሱን ሜኑ ደብቁት፤ ለመዝጋቢ አራት ቁልፍ ይበቃታል።» ስክሪኑ ላይ የሚጫኑትን ቁልፎች ማለቱ ነው። ማዳበሪያ ስመዘግብ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ተንቄ አላውቅም።

የዳሞት ሰው፦ እሰይ! አምና አንዱ ሠንጠረዡ የሚቀየርበት ዲዛይን ቪው ገብቶ የኩንታሉን ዓምድ በሙሉ አጠፋብን። ኦፕሽን ገብቶ «ሙሉ ሜኑ ፍቀድ» ከሚለው ላይ ራይቷን ማንሳት ነው። ግልግል!

የጮቄ ልጅ፦ እሱ ለነካካው እኔ ልቀጣ? ደግሞስ «ይበቃታል» ምንድን ነው? ወንድ መዝጋቢ ስንት ይበቃዋል?

ቡሬው፦ ኧረ ተዉ፣ ሺፍት ይዛችሁ ፋይሉን ክፈቱት። ሜኑው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

የዳሞት ሰው፦ ይሄ አደባባይ ላይ ይጻፋል? ለነገሩ እኔ ሺፍቱን የሚፈቅደውን «አላው ባይፓስ ኪ»ን ፎልስ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። እስቲ ሞክራት።

አያ በቆሎ፦ በ2003ቱ አክሰስ እኮ ሜኑ በማውዝ እየጎተትን ነበር የምንሠራው። 2007 ላይ በሜኑ ፈንታ ሪበን የሚባል የቁልፍ መደዳ አመጡና፣ እሱን ለመቀየር ኤክስኤምኤል የሚባል ኮድ ጻፉ አሉን። የለፋንበት ሜኑ አድ-ኢንስ ታብ ውስጥ ተወሸቀ።

ቡሬው፦ አያ፣ አሁንም እሱን ያለቅሳሉ?

አያ በቆሎ፦ አንተ ያኔ ጥጃ ትጠብቅ ነበር፣ ዝም በል።

የጮቄ ልጅ፦ ወደ አራቱ እንመለስ። መመዝገቢያ፣ መፈለጊያ፣ ማተሚያ፣ መውጫ። ማጣሪያውስ? ባለፈው አንድ አባት አህያቸውን አስረው መስኮቱ ላይ ቆሙ። «ኃይሉ» ብዬ ፈለግኩ፣ የለም። ለካ «ሀይሉ» ተብለው ነው የተመዘገቡት። በ«ይሉ» የሚያልቀውን አጣርቼ አገኘኋቸው። በአራቱ ቁልፍ ቢሆን ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

የዳሞት ሰው፦ አምስተኛ ቁልፍ ይጨመራላ።

የጮቄ ልጅ፦ አሃ! አራት አይበቃም ማለት ነው።

የዳሞት ሰው፦ አላልኩም። መጀመሪያ በትክክሉ «ኃ» ብትመዘግቢ ችግሩ የለም።

እታለም፦ እኔ ሜኑውን በአማርኛ ጽፌው ሠርቷል።

ቡሬው፦ አቋራጩስ? አልት ይዘሽ «መ»ን እንዴት ትመቻታለሽ? ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፍ ናት።

እታለም፦ «ም» አንድ ናት። «ምዝገባ» ብለህ ጻፋ!

የጮቄ ልጅ፦ የዳሞት ሰው፣ የመዘገብኩት እኔ አይደለሁም። ያንተው ሰውዬ ነው፣ ያ ዓምድ ያጠፋው።