ክሬአቲኒን 1.2 «ኖርማል ነው» ተባልን፣ እንመን?

የዘጌው
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ስኳሩ 11 ዓመት ሆኗታል፣ ግፊቱ በኋላ ነው የመጣው። ትናንት በጠዋቱ ጀልባ ከዘጌ መጥታ እዚህ ባሕር ዳር ደም አሠራን። ክሬአቲኒን 1.2፣ ከጎኑ ደግሞ 0.6–1.2 ይላል። «ኖርማል ነው» ብለው ሸኙን። እሷማ ደስ ብሏት ጀልባው እስኪነሳ ዓሣ ጥብስ ጋበዘችኝ። እኔን ግን ቁጥሩ ጫፍ ላይ መሆኑ ከነከነኝ፣ እግሯም ማታ ማታ እያበጠ ጫማ አልገባ ይላታል። የምታውቁ?

ላብ ሰው
ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ቁጥሩን ብቻውን ካየኸው ይሸውድሃል። 1.2 የ25 ዓመት ጎረምሳ ቢሆን ጂኤፍአሩ (ኩላሊት ደም የሚያጣራበት ፍጥነት) 86 ገደማ ነው። የ62 ዓመት ሴት ስትሆን ግን 51! በ2021ዱ (በፈረንጆቹ) ቀመር ነው ያሰላሁት፣ ስልክህ ላይ ዕድሜ፣ ጾታና ክሬአቲኒን አስገብተህ አንተም ታገኘዋለህ። ከ60 በታች ሆኖ 3 ወር ከቆየ የኩላሊት ሕመም ይባላል፣ ስለዚህ በአንድ ቀን ውጤት አትደንግጥ፣ ይደገም። ዋዜማውን ሥጋ በደንብ በልታ ከሆነም ከፍ ይላል።

ሽምብጥ
ሽንቷስ? ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ደሙ ገና ደህና እያለ ነው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን በሽንቱ መሹለክ የሚጀምረው። የአባቴ ክሬአቲኒን 1.0 ነበር፣ እኛም አርፈን ተቀምጠን ነበር፣ የሽንቱ አልቡሚን ግን 180። ተራው የሽንት ምርመራ ትንሹን አይዘውም። «አልቡሚን ለክሬአቲኒን» የሚለውን ጠይቅ፣ ከ30 በታች መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ለጉልበቷ ሕመም ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ትውጣለች እንዴ?

የዘጌው
አሁን ደወልኩላት። «አንዳንዴ፣ ሲብስብኝ» አለች። አንዳንዴው በሳምንት አራት ቀን ሆኖ ተገኘ። ለግፊቱ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ነው የምትወስደው።

ላብ ሰው
በል ዲክሎፌናኩን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፣ ግፊትና ስኳር ላለበት ኩላሊት ጠላት ነው። ኢናላፕሪሉን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሲጀመር ክሬአቲኒንን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ሰው ያን አይቶ ይጥለዋል፣ አልቡሚኑን የሚቀንሰው ግን እሱ ነው። የእግሩ እብጠት ከአምሎዲፒንም ሊመጣ ይችላል፣ እሱንም ጠይቁ። ለሽንቱ የጠዋቱ የመጀመሪያ ይሻላል።

የዘጌው
እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ እኔ ጋ አድራ ጠዋት ትሰጣለች። እሷ ግን «ዶሮዎቼን ማን ያስገባልኛል» እያለች ነው።